የመዝገብ ቁጥሩን የበታተነው ስላሽ፦ አንድ የሰነድ ማስቀመጫ ፕሮግራም ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ሲሻገር

ጉዳዩ የተከሰተው ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ፣ በአንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በሚገኝ የጠበቆች ቢሮ ውስጥ ነው። ቢሮው ትንሽ ነው፤ አራት ጠበቆች፣ አንዲት ጸሐፊ፣ ወደ ልደታ ፍርድ ቤት ሲመላለስ የሚውል አንድ ተላላኪ፣ እንዲሁም መዝገብ ቤቱን ለረጅም ዓመታት የያዙ አንዲት እናት አሉት። ወረቀቱ ግን ብዙ ነው። የክስ ማመልከቻው፣ መልሱ፣ ውክልናው፣ የፍርድ ግልባጩ፣ ደረሰኙ፣ ሁሉም በቁጥር ገብቶ በቁጥር ይወጣል። በ2016 ዓ.ም. እነዚህን ወረቀቶች ስካን አድርጎ የሚያስቀምጥና በመዝገብ ቁጥር ፈልጎ የሚያወጣ ፕሮግራም የሠራሁላቸው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ከዚህ በታች የሚነበበው ስሕተት በአብዛኛው የራሴ ነው።

የቢሮው የቁጥር አጻጻፍ አዲስ አበባ ውስጥ ደብዳቤ ተቀብሎ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይደለም። «ጠ/ቢ/0147/16» ማለት የጠበቆች ቢሮ፣ ተራ ቁጥር 147፣ የ2016 ዓ.ም. መዝገብ ማለት ነው። በሰዋስው መጻሕፍት እዝባር የሚባለው፣ በንግግር ግን ሁላችንም «ስላሽ» የምንለው ይህ ምልክት በጽሕፈታችን ውስጥ ብዙ ሥራ አለው። «ወ/ሮ»፣ «ፍ/ቤት»፣ «ጽ/ቤት»፣ «መ/ቁ» የሚጻፉት በእሱ ነው፤ ቀኑም «12/03/2016» ተብሎ ይሰፍራል። ልማዱ ከኮምፒውተር በፊት የነበረ ነው፤ ጠቡ የተጀመረው ይህ ቁጥር የፋይል ስም እንዲሆን የተፈለገ ዕለት ነው።

ዩኒክስና የእሱን ፈለግ የተከተሉት ሊኑክስና ማክ በፋይል አድራሻ ውስጥ አንዱን ፎልደር ከሌላው የሚለዩት በስላሽ (/) ሲሆን፣ ዊንዶውስ በባክስላሽ (\) ይለያል። የልዩነቱ ምክንያት ታሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የመጀመሪያው ዶስ፣ የዊንዶውስ ቀዳሚ የሆነው ስርዓተ ክወና፣ በፎልደር ውስጥ ፎልደር የማስቀመጥ ችሎታ አልነበረውም፤ ስላሹንም የትእዛዝ አማራጮችን ለማመልከት ይጠቀምበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 ዶስ 2.0 ፎልደሮችን ይዞ ሲመጣ ስላሹ አስቀድሞ በሥራ ተይዞ ስለነበር፣ በተቃራኒው ያዘነበለው ወንድሙ ተመረጠ። ይሁን እንጂ ዊንዶውስ ፋይል ክፈት ወይም ፍጠር ሲባል ስላሽንም እንደ መለያ አድርጎ ይቀበላል፤ የእኔን ስሕተት ከአንድ ዓመት በላይ ደብቆ ያቆየውም ይህ ቸርነቱ ነው። ሊኑክስ በበኩሉ በፋይል ስም ውስጥ የሚከለክለው ስላሽንና ዋጋው ዜሮ የሆነውን ባይት ብቻ ነው። ባክስላሽ ለእሱ እንደ «ሀ» ወይም እንደ «ለ» ያለ ተራ ፊደል ነው።

ፕሮግራሙ ፓይዘን በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ሲሆን፣ በጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ባለው የዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ይሠራ ነበር። ጸሐፊዋ የደንበኛውን ስምና የመዝገቡን ቁጥር ትጽፋለች፤ ወረቀቱ በስካነሩ ያልፋል፤ ፕሮግራሙም በዲ ድራይቭ ላይ ያለውን የዘመኑን ፎልደር፣ የደንበኛውን ስምና የመዝገብ ቁጥሩን በመካከላቸው ባክስላሽ እየጨመረ እንደ ተራ ጽሑፍ ይቀጣጥልና፣ የጎደለ ፎልደር ካለ ፈጥሮ ፋይሉን ያኖራል። ያንኑ የተቀጣጠለ አድራሻ ሳይነካ በዳታቤዙ ይመዘግባል። የመዝገብ ቁጥሩና የደንበኛው ስም ለብቻቸው የተመዘገቡበት ዓምድ አልነበረም፤ «አድራሻው ውስጥ አለ አይደል?» ብዬ ነበር።

በዲስኩ ላይ የተፈጠረው ነገር ሲታይ ያስቃል። «ጠ» የሚባል ፎልደር አለ፤ በውስጡ «ቢ»፣ በእሱ ውስጥ «0147»፣ ከሁሉም በታች «16» የሚባል የፒዲኤፍ ፋይል። ወንዶቹ ደንበኞች «አቶ» የሚለው ማዕረጋቸው ስላሽ ስለሌለው እያንዳንዳቸው በሙሉ ስማቸው በየራሳቸው ፎልደር ተቀምጠዋል። ሴቶቹ ግን ያገቡትም ያላገቡትም «ወ» በሚባል አንድ ፎልደር ውስጥ ታጭቀው፣ አንዷ «ሮ እገሊት»፣ ሌላዋ «ሪት እገሊት» ተብለው ይገኛሉ። ሲያስቀምጥም ሲያወጣም ፕሮግራሙ በዚያው ጠማማ መንገድ ስለሚሄድ አንድም ወረቀት አልጠፋም፤ ማንም ሰው ዲ ድራይቭን ከፍቶ ካላየ በቀር የሚታወቅ ነገር አልነበረም።

በግንቦት 2017 ዓ.ም. ቢሮው መብራት በሄደ ቁጥር የሚቆመውን የጸሐፊዋን ኮምፒውተር ትቶ፣ ሁሉም ጠበቆች ከየጠረጴዛቸው የሚደርሱበት፣ ኡቡንቱ 24.04 የተባለው ሊኑክስ የተጫነበት አነስተኛ ሰርቨር አስገባ። ፋይሎቹን በውጫዊ ዲስክ ገለበጥኩ፤ ዳታቤዙን አዛወርኩ፤ የፕሮግራሙ ቅንብር በሚጻፍበት የማስተካከያ ፋይል ውስጥ አዲሱን የሊኑክስ አድራሻ ጻፍኩ፤ ፕሮግራሙን በእጄ አስነስቼ ሄድኩ። በማግስቱ የደረሰኝ ወሬ እንግዳ ነበር፤ የድሮው ሰነድ ሁሉ «አልተገኘም» ይላል፣ ዛሬ የገባው ግን ያለ ችግር ይከፈታል። በሦስተኛው ቀን መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰርቨሩ ፕሮግራሙን በራሱ አስነሣ፤ የመዝገብ ቤቷ እናትም ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ትናንትና ያስገባነውም ዛሬ የለም እኮ። ወረቀቱ እጄ ላይ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን አላየሁትም ይላል።»

«እትዬ፣ አንድ ቀን ይስጡኝ፤ ወረቀቱን ብቻ እንዳይመልሱት» አልኳቸው። አንድ ቀን አልበቃም።

የአዲሶቹን ሰነዶች መጥፋት ለመረዳት ብዙ አልፈጀብኝም። የማስቀመጫው ክፍል የማስተካከያ ፋይሉን አያነብም ነበር፤ በሙከራው ዘመን በእጄ የጻፍኩት የዊንዶውስ አድራሻ እዚያው በኮዱ ውስጥ ቀርቷል። ሊኑክስ በ«ዲ:» የሚጀምረውን ያንን ጽሑፍ ሲያይ በስላሽ አልጀመረምና ሙሉ አድራሻ ነው አላለም፤ «አሁን ካለሁበት ቦታ ተነሥተህ ሂድ» ማለት ነው ብሎ ተረዳው። በውስጡ ያሉትን ባክስላሾች እንደ ፊደል ቆጥሮ፣ እስከ መጀመሪያው ስላሽ ያለውን ሁሉ የአንድ ፎልደር ስም አደረገው። በእኔ የግል ፎልደር ውስጥ ስገባ፣ ድራይቩን፣ የመዛግብቱን ፎልደርና «ወ» የምትለውን ፊደል ከነባክስላሻቸው አንድ ላይ የያዘ የፎልደር ስም ተጋድሞ አገኘሁ። በእጄ ያስነሣሁት ፕሮግራም የቆመው እዚያ ስለነበር ሰነዶቹን ያገኛቸው ነበር፤ ሰርቨሩ በራሱ ሲያስነሣው ግን መነሻው ሌላ ቦታ ሆነና አጣቸው።

በዚያ የፎልደር ስም ውስጥ ሌላም የማይገባ ነገር ነበር። እኔ በኮዱ የጻፍኩት «ዲ:\መዛግብት\2017» ነው፤ በስሙ ላይ የሚነበበው ግን «መዛግብት7» ነው። በዊንዶውሱም ዲስክ ላይ «መዛግብት6» እና «መዛግብት7» የሚባሉ ሁለት ፎልደሮች ነበሩ፤ ጸሐፊዋ ዓመቱን አሳጥሬ የጻፍኩ መስሏት ነበር፣ እኔም አይቼ አልጠረጠርኩም።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። በፓይዘን፣ እንዲሁም ሲ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ አጻጻፍ በሚከተሉ ብዙ ቋንቋዎች፣ በጥቅስ ምልክት ውስጥ የተጻፈ ባክስላሽ ራሱን አይወክልም፤ ቀጥሎ የሚመጣው ፊደል ልዩ ትርጉም እንዳለው ያስጠነቅቃል። «ኤን» የምትለው የላቲን ፊደል ከተከተለችው አዲስ መስመር ይሆናል፤ «ቲ» ከተከተለችው ታብ ይሆናል። የማያውቀው ፊደል ከመጣ ግን ፓይዘን ሁለቱንም እንዳሉ ይተዋቸዋል። የግዕዝ ፊደላት በሙሉ ለእሱ የማያውቃቸው ናቸውና፣ ከ«መ» በፊት ያለው ባክስላሽ በሰላም አለፈ። ፎልደሮቼን በአማርኛ መሰየሜ፣ በእንግሊዝኛ ቢሆኑ በመጀመሪያው ቀን ሊጋለጥ ይችል የነበረውን ስሕተት ሸፈነልኝ። ቁጥር ሲከተለው ግን ደንቡ ሌላ ነው፤ ከ0 እስከ 7 ባሉት አኃዞች የተጻፉ እስከ ሦስት የሚደርሱ ቁጥሮች በስምንት ቤት ስሌት እንደ አንድ ምልክት መለያ ይወሰዳሉ። ስለዚህ ፓይዘን ከ«2017» ውስጥ «201»ን ወሰደ፤ ይህም ሁለት ጊዜ 64፣ ሲደመር 1፣ 129 ይሆናል። 129ኛው ምልክት በማያ ገጽ ላይ የማይታይ የቁጥጥር ምልክት ነው። የተረፈችው «7» ብቻ ናት። በዚህ ስሌት 2016ም 2017ም ወደዚያው ስውር ምልክት ይለወጣሉ፤ የሚለያቸው የመጨረሻው አኃዝ ነው። ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ ከ1 እስከ 31 ያሉትን የቁጥጥር ምልክቶች ሲከለክል 129ን አይከለክልምና ምንም ሳይል ተቀበለው።

ፍንጩን የሰጠኝ አዲሱ ሰርቨር ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ፓይዘን 3.12 የማያውቀው ፊደል ከባክስላሽ በኋላ ሲመጣ በግልጽ ያስጠነቅቃል፤ በቀድሞው ኮምፒውተር ላይ የነበረው የቆየ ስሪት ግን ዝም ይል ነበር። የሚገርመው፣ ማስጠንቀቂያው የመጣው ጉዳት ስላላደረሰው «\መ» ነው፤ ዓመቱን ስለበላው «\201» ምንም አላለም፤ ለቋንቋው ይህ ትክክለኛ አጻጻፍ ነውና። በዚያው መስመር ላይ ዓይኔ ባያርፍ ኖሮ ስውሩን ምልክት ፍለጋ ብዙ በቆየሁ ነበር። ደንበኛውን ከፎልደሩ የሚለየውን ብቸኛ ባክስላሽ ደርቤ በትክክል ጽፌው ነበር፤ ይህም ከጥንቃቄ የመጣ አልነበረም፣ ብቻውን የቆመ ባክስላሽ የመዝጊያውን ጥቅስ ስለሚበላ ፕሮግራሙ አልነሣም ብሎኝ ነው።

የድሮዎቹ ሰነዶች መፍትሔ ቀላል መስሎኝ ነበር። በዳታቤዙ ያሉትን ባክስላሾች በሙሉ ወደ ስላሽ እቀይራለሁ፣ አለቀ። ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል ነው። መጀመሪያ ባክስላሽ ያለባቸውን አድራሻዎች በ«ላይክ» (የፐርሰንት ምልክትን «ማንኛውም ጽሑፍ» ብሎ በሚወስደው የፍለጋ ትእዛዝ) ፈልጌ ልቁጠር ብል መልሱ ዜሮ ሆነ። ሁለት ባክስላሽ ነበር የጻፍኩት፤ አንዱ ሌላውን ያስመልጠዋል፣ ማለትም እንደ ተራ ፊደል እንዲነበብ ያደርገዋል ብዬ። ነገር ግን በማይኤስኪውኤል ጥቅሱ ሲነበብ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ፤ የቀረውን አንዱን ደግሞ «ላይክ» ራሱ እንደገና እንደ ማስመለጫ ያነበዋል። በዚህም ምክንያት የፈለግኩት በፐርሰንት ምልክት የሚያልቅ አድራሻ ሆኖ ተገኘ። አንድ ባክስላሽን በ«ላይክ» ለመፈለግ አራት መጻፍ ያስፈልጋል። እኔ ግን ዜሮውን አምኜ፣ ችግሩ ከዳታቤዙ አይደለም ብዬ ግማሽ ቀን በሌላ አቅጣጫ ባዘንኩ። ባክስላሽን የሚጽፍ ሰው ስንት አንባቢ በመካከል እንዳለ መቁጠር አለበት፤ እያንዳንዱ አንባቢ ግማሹን ይወስዳልና።

በኋላ ቅያሬውን አካሄድኩ። ስውሩን ምልክትም አውጥቼ የመነሻውን አድራሻ በአዲሱ ተካሁ። የድሮዎቹ ሰነዶች ተከፈቱ፤ ደስታዬ ግን እስከ ምሳ ሰዓት ብቻ ነበር። ከሰዓት በኋላ የደንበኞችን ስም ዝርዝር ለማውጣት ስሞክር፣ የደንበኛው ስም የት አልቆ የመዝገብ ቁጥሩ የት እንደሚጀምር የሚነግረኝ ነገር እንደሌለ ገባኝ። «ወ/ሮ እገሊት/ጠ/ቢ/0147/16» በሚለው ውስጥ አምስት ስላሾች አሉ፤ የፎልደር ድንበር የሆነው አንዱ ብቻ ነው። ሰው አይቶ ይለየዋል። ነገር ግን ደንበኛው «የእገሌ ክ/ከተማ ጽ/ቤት» ሲሆን፣ ወይም ቁጥሩ የፍርድ ቤቱ እንጂ የቢሮው ሳይሆን ሲቀር፣ ለማሽን የሚነገር የማያሻማ ደንብ የለም።

ከቅያሬው በፊት በነበረው አድራሻ ግን ድንበሩ ነበረ። ፕሮግራሙ የጨመራቸው መለያዎች ሁሉ ባክስላሽ፣ ሰዎች የጻፏቸው ሁሉ ስላሽ ነበሩ። ዓይን የሚያስቀይም ቅይጥ ብዬ የናቅኩት አድራሻ፣ የትኛው ምልክት የመዝገብ ቤቱ፣ የትኛው የፕሮግራሙ እንደሆነ የሚመሰክር ብቸኛው ማስረጃ ነበር፤ እኔም «አስተካክላለሁ» ብዬ አጠፋሁት። ቅያሬውን ከማካሄዴ በፊት የዳታቤዙን ቅጂ ማስቀመጤ አዳነኝ። ቅጂውን መልሼ፣ እያንዳንዱን አድራሻ በባክስላሽ ብቻ ቆርጬ፣ ከመጨረሻው ባክስላሽ በኋላ ያለውን የመዝገብ ቁጥር፣ ከእሱ በፊት ያለውን የደንበኛ ስም አድርጌ በየራሳቸው ዓምድ አስገባሁ። በሰርቨሩ ላይ በተሳሳተ ፎልደር የገቡትም በዳታቤዝ ውስጥ ያንኑ ቅይጥ አጻጻፍ ይዘው ስለነበር በዚያው ደንብ ተመለሱ።

የቀረው ጥያቄ ፋይሎቹ በዲስክ ላይ ምን ይባሉ የሚለው ነበር። ስላሹን በሰረዝ መተካት የመጀመሪያው ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን አንዳንዱ መዝገብ በራሱ ሰረዝ አለውና ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች አንድ ስም ሊሆኑ ይችላሉ። አንድ ወዳጄ በዩኒኮድ የፊደላት ሰንጠረዥ ውስጥ ስላሽ መስሎ የሚታየውን የማካፈያ ምልክት ተጠቀም አለኝ፤ ፋይል ስርዓቱ ይቀበለዋል፣ ለዓይንም አንድ ነው። እኔ ግን ይህን ዓይነት መፍትሔ አልወድም። ጸሐፊዋ ከኪቦርዷ የምትጽፈው ስላሽ ከእሱ ጋር ፈጽሞ አይገጥምም፤ እኛ ደግሞ «ሀ»ን ከ«ሐ»፣ «ሰ»ን ከ«ሠ» እያቀያየርን መጻፋችን የሚያመጣው የፍለጋ ጣጣ ይበቃናል። በድረ ገጽ አድራሻ እንደሚደረገው ስላሹን ወደ ፐርሰንት ኮድ (%2F) መለወጥም ይቻላል፤ ሆኖም አፓቺ የተባለው የድር ሰርቨር በነባሪ አሠራሩ የተኮደ ስላሽ ያለበትን ጥያቄ አልተገኘም ብሎ ይመልሳል፣ ስለዚህ ችግሩን ከዲስክ ወደ ድር ሰርቨር ማዛወር ይሆናል።

ርዝመትም አለ። በሊኑክስ በተለመዱት የፋይል ስርዓቶች የአንድ ፋይል ስም ከ255 ባይት አይበልጥም፤ በዩቲኤፍ-8 የፊደል አመዘጋገብ አንድ የግዕዝ ፊደል ደግሞ ሦስት ባይት ይወስዳል። ስለዚህ በአማርኛ የተጻፈ ስም በ85 ፊደል ይገታል፤ በዊንዶውስ ልኩ የሚቆጠረው በሌላ መንገድ በመሆኑ ያው ስም እዚያ ችግር ላይኖርበት ይችላል። «የይግባኝ ባይ መልስ ሰጪ» እያሉ ስም የሚያስረዝሙ ጠበቆች ባሉበት ቢሮ 85 ፊደል ሩቅ አይደለም።

በመጨረሻ የተወሰነው፣ በዲስኩ ላይ የሚቀመጠው ፋይል ዳታቤዙ የሚሰጠውን ተራ ቁጥር ብቻ እንዲሸከም ነው። የመዝገብ ቁጥሩ ከነስላሹ፣ የደንበኛው ስምም ከነማዕረጉ በዳታቤዝ ውስጥ ይኖራሉ፤ ወደ ፋይል አድራሻ በጭራሽ አይገቡም። አድራሻው የትም አይመዘገብም፤ በሚያስፈልግበት ቅጽበት ከማስተካከያ ፋይሉ፣ ከዓመቱና ከተራ ቁጥሩ ይሰበሰባል። ስብሰባውን የሚሠራው ከፓይዘን 3.4 ጀምሮ ከቋንቋው ጋር የሚመጣው «ፓዝሊብ» የተባለው የአድራሻ ላይብረሪ ነው፤ በየትኛው ማሽን ላይ እንዳለ አውቆ ትክክለኛውን መለያ ይጠቀማል። ላይብረሪው ግን ለሁሉ መድኃኒት አይደለም። በሙከራ ጊዜ የመዝገብ ቁጥሩን ራሱን ሰጥቼው ነበር፤ ጸሐፊዋ አሳጥራ «/0147/16» ብላ ስትጽፍ፣ በስላሽ የሚጀምር ነገር ሙሉ አድራሻ ነውና ከፊቱ የነበረውን ሁሉ ጥሎ ወደ ዲስኩ ሥር ሄደ። ሰው የጻፈውን ቁጥር ከአድራሻ ፈጽሞ እንዳርቅ ያስወሰነኝም ይኸው ነው። በማስተካከያ ፋይሉም፣ ጄሰን በሚባለው የዳታ አጻጻፍ ስለተጻፈና ባክስላሽን መደረብ ስለሚጠይቅ፣ በስላሽ ብቻ እንዲጻፍ አደረግኩ፤ ዊንዶውስም ቢሆን ይቀበለዋል።

ፋይሎቹን ወደ አዲሱ ቦታ ሳዛውር የእያንዳንዱን ይዘት ከዝውውሩ በፊትና በኋላ የፋይልን አሻራ በሚያወጣው ሻ-256 አሰልቼ አመሳከርኩ፤ ዳታቤዙ የማያውቃቸውን ጥቂት ፋይሎች ከመዝገብ ቤቷ እናት ጋር አንድ በአንድ ከፍተን፣ ወረቀቱን እያዩ ቁጥሩን ነገሩኝ። «ወ» በሚለው ፎልደር ውስጥ የነበሩት ሴቶች ሁሉ ማዕረጋቸው ተመለሰላቸው።

አንድ ቦታ ላይ ብቻ ስላሹን በሰረዝ ተካሁ፤ ጠበቃው ሰነዱን ወደ ራሱ ኮምፒውተር ሲያወርድ ፋይሉ የሚይዘው ስም ላይ። የጠበቆቹ ኮምፒውተሮች ዊንዶውስ ናቸውና ስላሽ በስም ውስጥ አይፈቅዱም፤ ይህ ስም ደግሞ ለንባብ ብቻ ስለሆነ ፕሮግራሙ ተመልሶ አይፈልግበትም። እትዬ የሙከራውን ቀን አጠገቤ ተቀምጠው «ጠ/ቢ/0147/16» ብለው ጻፉ፤ ወረቀቱ ተከፈተ፤ አውርደው አተሙት። በህትመቱ ራስጌ ላይ የፋይሉ ስም ወጥቶ ነበርና መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት።

«የእኛ ቁጥር በሰረዝ ተጽፎ አያውቅም» አሉኝ፤ ከዚያም እስክሪብቷቸውን አንሥተው በሦስቱ ሰረዞች ላይ ሦስት ስላሽ አሰመሩና ወረቀቱን ፋይል አደረጉት።